ማንም ያልተኛበት አንሶላ

ነርሶቹ «እሜቴ አንሶላ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናት፤ ያወጣችላትም ለቁልምጫ አይደለም። የልብስ እጥበት ክፍሉን የምትመራው ይህች ሴት አንድ አንሶላ ስትሰጥ ከገዛ አልጋዋ ላይ ገፍፋ የምትሰጥ ትመስላለች ለማለት ነው። ስድቡ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

በሃያ አራት ዓመቷ በእጅ አጣቢነት ተቀጠረች። ያኔ ሆስፒታሉ ማሽን አልነበረውም፤ ስድስት ሴቶች በሲሚንቶ ገንዳ ዙሪያ ቆመው ደም የነካውን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያልነካውን በሙቅ ያጥቡ ነበር። የማታ ትምህርት ተከታትላ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ የመዝገቡን ሥራ ሰጧት፤ ከመዝገቡም ወደ ኃላፊነት አለፈች። በረኪና የጣቶቿን ቆዳ እንደ ወረቀት አሳስቶታል። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ አፍንጫዋ ላይ የሚወጣው አንድ ሰው የጻፈውን ቁጥር ለመጠራጠር ስትነሣ ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ሹፌር የነበረው ባሏ አንዲት ሴት ልጅ ትቶላት ሲሞት አላለቀሰችም ብለው ያሟት አሉ። አልቅሳ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ በአራተኛው ቀን አንሶላ በምታድልበት መስኮቷ ላይ እንደተገኘች ግን የፊርማ መዝገቡ ይመሰክራል። ሰው አትወድም ነበር፤ ሰውም አልወደዳትም። ይህን መደበቅ ለማንም አይበጅም።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአራቱ ዋርዶችና ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ አንድ አንድ ሠራተኛ ቆሻሻውን በጋሪ እየገፋ ይመጣና በመስኮቷ በኩል የመጠየቂያ ቅጽ ያቀብላል። በቅጹ ላይ ክፍሉ የሚፈልገው የአንሶላ ብዛት ይጻፋል። ሴትዮዋ ቅጹን ታነባለች፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ታወጣለች፤ ከዚያ ግማሹን ትሰጣለች። ሰማንያ ለጠየቀ አርባ፣ ስልሳ ለጠየቀ ሠላሳ። ለምን ብሎ የሚከራከር በመጀመሪያዎቹ ወራት ነበር፤ በኋላ ቀረ። አርባ የሚያስፈልገው ሰማንያ ብሎ መጻፍ ለመደ፤ እሷም ሰማንያ ተብሎ የተጻፈው አርባ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሁሉም ይዋሻል፤ ሁሉም መዋሸቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሥራውም በዚሁ ይሄዳል።

ይህ ልማድ የተጀመረው ከአራት ዓመት ተኩል በፊት በአንድ የዝናብ ወቅት ነው። ትልቁ የማድረቂያ ማሽን ተቃጠለ፤ ውጭ የተሰጣውም አልደርቅ አለ። ሴትዮዋ ሁለት ሳምንት ለሁሉም ግማሽ ሰጠች፤ በወቅቱ ከዚህ የተሻለ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ዋርዶቹ ግማሽ እንደሚደርሳቸው ሲያዩ እጥፍ መጠየቅ ጀመሩ። ዝናቡ አቆመ፤ አንሶላው ደረቀ። የጥያቄው ቁጥር ግን እንደተቆለለ ቀረ፤ ቁጥሩ ስላልወረደም ግማሹ ቀጠለ። የሞተውን ማሽን የሚጠግን እንዳልተገኘ ሁሉ ይህንንም የሚጠግን አልተገኘም። ይባስ ብሎ በየሩብ ዓመቱ ለዳይሬክተሩ የሚቀርበው ሪፖርት የልብስ እጥበት ክፍሉ ከተጠየቀው ሃምሳ በመቶውን ብቻ ማሟላቱን ያሳያል። ዳይሬክተሩ ሴትዮዋን በስብሰባ ላይ «ግማሽ ሠራተኛችን» እያለ ያስቅባት ነበር።

ነገሩ ከመሳቅ ያለፈው አንድ የሐሞት ጠጠር ሕመምተኛ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ደጃፍ ሲመለስ ነው። ሰውዬው ሌሊቱን ጾሞ አድሯል፤ ማደንዘዣ ሰጪውም ተዘጋጅቷል፤ የሚሸፈንበት ንጹሕ አንሶላ ግን አልነበረም። ሲስተሯ ሕመምተኛውን ከነጋሪው ኮሪደር ላይ አስቁማ፣ ባዶውን የአንሶላ ቅርጫት እየጎተተች የልብስ እጥበት ክፍሉ መስኮት ድረስ መጣች፤ ቅርጫቱንም ገልብጣ መስኮቱ ላይ ደፋችው። ምን እንዳለች በአደባባይ ሊጻፍ አይገባም። በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ሴትዮዋን አስጠርቶ ደብዳቤ ሰጣት። በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የአንሶላው እጥረት ካልተወገደ ክፍሉ ይዘጋል፤ እጥበቱ ለውጭ ድርጅት ይተላለፋል፤ ስምንቱ ሠራተኞች እንደ ኮንትራታቸው ይሰናበታሉ፤ እሷ የበር ፈታሽ ትሆናለች ይላል። ስምንቱ ሴቶች ናቸው፤ ከስምንቱ አምስቱ ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ናቸው። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች።

በሦስተኛው ቀን ለክፍል ኃላፊዎች ሥልጠና ተዘጋጅቷል፤ የአሥራ አምስቱ ቀናት ቆጠራም ከሥልጠናው ማግስት ይጀምራል ተባለ። የጥሪው ወረቀት ላይ የተጻፈው «ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ለተቋማዊ ለውጥ» የሚል ነው። ሴትዮዋ ይህን ስታነብ ደሟ ፈላ። ሥርዓት ላስተምርሽ መባል ከበር ፈታሽነት የባሰ ውርደት ሆኖ ታያት። አብራት የምትሠራው ካውያ ተኳሽ ስትነግር፣ እትዬ ወረቀቱን አጣጥፋ በዚህ ዕድሜዬ ሥርዓት የለሽ ተባልኩ ብላ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች ትላለች።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ጥፋቱ የጀመረው ከእሱ ነውና። በቋንቋችን «ሥርዓት» አንድ ትከሻ ላይ ሁለት ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ነገሮች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሩበትን አሠራር ሥርዓት እንለዋለን፤ አርፎ መቀመጥንና መታዘዝንም ሥርዓት እንለዋለን። አሠልጣኙ የተናገረው ስለ መጀመሪያው ነበር። ቀይና ሰማያዊ ቀስቶች ግድግዳ ላይ በለጠፈው ወረቀት ሲስል ውሎ፣ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ሲመጣ ሰው ለመለወጥ አትቸኩሉ፣ ያ ሰው የቆመበትን ቦታ መርምሩ፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ችግር፣ የሌላው መፍትሔ ተመልሶ ለአንዱ ችግር እየሆነ እንደሆነ እዩ አላቸው። ትክክል ነው ያለው። ሆኖም በሁለት ቀን ሥልጠና አንድም ጊዜ ከአዳራሹ ወጥቶ አንድ ዋርድ አልጎበኘም፤ የትኛው ቀስት የማን እንደሆነ ሳይናገር ወረቀቱን ጠቅልሎ ሄደ። ዳይሬክተሩም ስልክ እያናገረ ሲገባና ሲወጣ ከርሞ የመጣው ለመዝጊያው ንግግር ነው። ከሥልጠናው የያዘው ርእሱን ብቻ ነበር፤ ርእሱንም በሁለተኛው ትርጉም ያዘው።

በማግስቱ ማስታወሻ ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ተግባራዊ ይሆናል፤ ከአልጋው ቁጥር በላይ አንሶላ ይዞ የተገኘ ክፍል ኃላፊ በዲሲፕሊን ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱ አንሶላ ተረካቢው በስሙ ይፈርማል። ዳይሬክተሩ ይህን ሲጽፍ እጥረቱን የሚያስወግድ መስሎት ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በየቁም ሣጥኑ ትርፍ የያዘች ነርስ ሁሉ ትርፏን ወደ ባሰ ጨለማ አሻገረችው፤ በስሟ የምትፈርመው የዋርድ ኃላፊ የወሰደችውን ለማንም አላበድር አለች። ቀድሞ የውስጥ ደዌ ዋርድ ሲቸግረው ከሕፃናት ዋርድ አሥር ይበደር ነበር፤ ይህም ቀረ። በሁለት ቀን ውስጥ በመስኮቱ የሚቀርበው ጥያቄ በሲሶ ጨመረ። ሴትዮዋም ግማሽ ትሰጥ የነበረውን ወደ ሲሶ አወረደችው።

ልጇ በዚያው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። እናትና ልጅ በአንድ ቤት፣ በሁለት ክፍል ይኖራሉ። በሥራ ቦታ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ልጅቱ የእሜቴ አንሶላ ልጅ መባልን ትጠላለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናትየዋ የልጇን ጋዋን ለማጠብ ኪሱን ስትፈትሽ ሁለት የቁም ሣጥን ቁልፍ አገኘች። የወሊድ ዋርድ መድኃኒት የሚቀመጥበት አንድ ቁም ሣጥን ብቻ እንዳለው ታውቃለች። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለተኛው የምን እንደሆነ ጠየቀች። ልጅቱ መጀመሪያ አልመልስም አለች፤ ቀጥላ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር አለ አለች።

«ስንት ነው?»

«ሰባ።»

«እኔን ሰው ፊት ሲገፈትሩኝ አንቺ ሰባ አንሶላ ቆልፈሻል።»

«የወለደች ሴት ደሟ ላይ ተኝታ ሳያት የሚታየኝ ያንቺ ግማሽ ነው፣ እማዬ። ሰባውን ያስቆለፍሽኝ አንቺ ነሽ። ሙሉ ብትሰጪኝ ምን ሊሠራልኝ እቆልፋለሁ?»

እናትየዋ ሙሉ ያልሰጠሁት እናንተ እጥፍ ስለምትጠይቁ ነው አለች። ልጅቱ እጥፍ የምንጠይቀው ግማሽ ስለምትሰጪ ነው አለች። ይህን ሦስት ጊዜ ተባባሉት። ልጅቱ በሯን ዘጋች። እናትየዋ ጋዋኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በንዴት የተናገሩት ሁለቱም እውነት ነበር፤ ሁለት ተቃራኒ እውነቶች አንዱ የሌላው መነሻ ሲሆን ከመካከላቸው ጥፋተኛ መምረጥ እንደማይቻል ያን ዕለት ሳትገነዘብ አልቀረችም። የአሠልጣኙ ቀስቶች ትዝ አሏት ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። አሠልጣኙን ፈጽማ ረስታዋለች።

ሰኞ ጠዋት ማንም ያላዘዛትን ሥራ ጀመረች። እያንዳንዱ አንሶላ ሲገዛ በጠርዙ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፤ የምትጽፈው ራሷ ናት። የመጀመሪያው ግዢ ከአንድ እስከ አምስት መቶ፣ ሁለተኛው እስከ ዘጠኝ መቶ፣ ያለፈው ዓመት ግዢ እስከ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ይደርሳል። ለሦስት ቀን ለእጥበት የገባውን ሁሉ ጠርዝ ጠርዙን እየገለበጠች ቁጥሩን መዘገበች። ሠራተኞቹ አበደች ብለው ተጠቃቀሱ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ደብተሯ ላይ አራት መቶ አሥር ቁጥሮች ሰፍረዋል፤ ተመላልሰው የሚመጡት እነሱው ናቸው፤ የአንዳንዶቹ መካከል በእጥበት ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ከዘጠኝ መቶ በላይ የሆነ ቁጥር ግን አሥራ አንድ ብቻ ነው የተገኘው። ከእነዚህ አሥራ አንዱ በቀር ያለፈው ዓመት አራት መቶ አንሶላ ታጥቦ አያውቅም። ያልታጠበው ማንም ስላልተኛበት ነው። ሆስፒታሉ መቶ ሃምሳ አልጋ አለው፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት፣ አንዱ ማድረቂያ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ ቢሆን ስድስት መቶ ይበቃል። የተቀደደውና የተወገደው ተቀንሶ ከአንድ ሺህ የማያንስ አንሶላ በአንድ ግቢ ውስጥ አለ፤ ሕመምተኛ ግን በባዶ ፍራሽ ይተኛል።

ደብተሩን ለካውያ ተኳሿ አሳየቻት። ተኳሿ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራት ሠርታለች፤ አንደበቷ ከካውያዋ ይብሳል። ቁጥሮቹን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ነርሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች ረገመች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«የእኛስ፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ወደ ጥጉ ተመለከተች። የተቃጠለው ማድረቂያ ማሽን ጥጉ ላይ ቆሟል። በሆዱ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ስልሳ አራት አንሶላዎች ተቀምጠዋል። ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት፤ ሰበቧም እንደ ልጇ ሰበብ ለክፉ ቀን የሚል ነው። ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው ደጅ የተመለሰ ዕለትም እዚያው ነበሩ። ያን ቀን ያላወጣቻቸው ነገ ከዚህ የከፋ ቢመጣስ ብላ ነው። ሌሎቹ ለሚሠሩት ተመሳሳይ ነገር ሌብነት የሚል ስም የሰጠች ሴት፣ ለራሷ ግን ጥንቃቄ ብላዋለች። በዚህ ነጥብ ላይ ለእሷ የሚቀርብ መከላከያ የለም፤ እሷም አላቀረበችም። በእጇ ላስቲኩን ፈታች፤ ስልሳ አራቱን በጋሪ ጭና ራሷ እየገፋች ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሄደች።

የክፍሉ ደፍ ላይ ከውጭ የመጣ እንዳያልፈው የተሠመረ ቀይ መስመር አለ። ሲስተሯ መስመሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ምነው እሜቴ፣ አልጋሽን ገፍፈሽ መጣሽ?»

«ስልሳ አራት ናቸው። ቁጠሪያቸው።»

«ከየት መጡ?»

«ከደበቅሁበት።»

ሲስተሯ ሳቀች። ለዓመታት ሌባ ስትላት ማስረጃ አጥታ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ማስረጃው በጋሪ ተገፍቶ እንደመጣላት ነገረቻት። ሴትዮዋ ማስረጃውን የፈለገችበት ታውለው ብላ፣ ከነገ ጀምሮ ግን መጠየቂያ ቅጽ እንዳትጽፍ አሳሰበቻት። የእጥበት ክፍሉ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ራሳቸው መጥተው መደርደሪያውን ይሞላሉ፤ ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ የዕለቱ ሕመምተኞች ብዛትና የዚያው ግማሽ ትርፍ፣ ለዋርዱም የአልጋው ቁጥርና የዚያው ግማሽ። ጥያቄ የለም፤ ፊርማ የለም፤ መቀነስም የለም።

ሲስተሯ «አንቺ ልትሰጪ?» አለቻት። «እስኪ በሕይወት ቆይቼ ልየው።»

ከአሥራ አምስቱ ቀናት ስድስቱ አልፈዋል። በሰባተኛው ጠዋት ሴትዮዋ የመስኮቱን መዝጊያ ቸነከረች፤ ሠራተኞቿም በአራት ጋሪ ወጡ። በእያንዳንዱ ዋርድ መደርደሪያ ላይ ሙላቱ የሚደርስበትን ቦታ በቀለም አሰመረች። ተኳሿ በሦስት ቀን ያራቁቱናል ብላ ተከራክራ ነበር፤ አልተሳሳተችም። ነርሶቹ የሚሞላውን መደርደሪያ ሲያዩ እውነት አልመሰላቸውም። ይህ ደግነት ከመቆሙ በፊት ያገኙትን ማጋዝ አለባቸው ብለው አጋዙ። ጠዋት የተሞላው መደርደሪያ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ይሆናል። በዘጠነኛው ቀን የእጥበት ክፍሉ መጋዘን ተሟጠጠ፤ የውስጥ ደዌው መደርደሪያ እስከ መስመሩ ሳይሞላ ቀረ። የዋርዱ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ቆማ በሞተ ባሏ ሳይቀር ሰደበቻት። በዚያው ቀን ከውጭው ድርጅት ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። የእጥበት ክፍሉን ርዝመትና ስፋት ለኩ፤ አንደኛው በቁጥር እየተናገረ ሌላው እየጻፈ። አጣቢዎቹ እግራቸውን እያነሡ ሜትሩን አሳለፉላቸው። ሰዎቹ ማንንም ጤና ይስጥልኝ አላሉም።

ከስምንቱ ሦስቱ ወደ ሴትዮዋ መጥተው ወደ ግማሹ እንመለስ ብለው ለመኑ። በግማሹ ቢያንስ መጋዘኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይቀራል አሏት። ሴትዮዋ ከቀነስን ሁሉም ትክክል ነበርን ይላሉ፣ ካልቀነስን ደግሞ የሚደብቁበት ቦታ ያልቅባቸዋል ብላ መለሰች። የቦታ ማለቅ የምታስበው በቁጥር ነበር። በየዋርዱ ያለውን ቁም ሣጥን፣ ከአልጋ በታች ያለውን ክፍተትና ከበር ጀርባ ያለውን ጥግ ታውቀዋለች፤ ስንት አንሶላ እንደሚይዝም ገምታለች። የተሳሳተችው በሁለት ቀን ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሕፃናት ዋርድ በመጣ የቆሻሻ ጋሪ ውስጥ ቁጥሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት የሆነ አንሶላ ተገኘ። የፋብሪካው እጥፋት አልተላቀቀም፤ በእጥፋቱ መሥመር አቧራ ተቀምጦበታል፤ በመካከሉ አንድ ሕፃን ሸንቶበታል። የደበቀችው ነርስ በሩቅ ወዳለው መደርደሪያ ከምትሄድ በቅርቧ ያለውን መዘዘች እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። መደርደሪያው ነገም እንደሚሞላ ስታውቅ የደበቀችው ውድ ነገር መሆኑ ቀረ። ሴትዮዋ ሽንቱን ችላ ጠርዙን ወደ መነጽሯ አስጠጋች፤ ቁጥሩን ጻፈች። በማግስቱ ሠላሳ ሁለት አዳዲስ ቁጥሮች መጡ፤ በሚቀጥለው ቀን ሰማንያ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉም ማንንም ሳያሳውቅ የቁም ሣጥኑን ትርፍ በቆሻሻው ውስጥ እያደባለቀ መላክ ጀመረ፤ ያልቆሸሸ አንሶላ በቆሻሻ ጋሪ ሲመጣ የማን ኩራት እንደሆነ አጣቢ ይለየዋል። ከቀዶ ሕክምናው ብቻ መቶ አሥር ተቆጠረ።

የወሊድ ዋርዱ የመጨረሻው ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን ሰባ አንሶላ በፋሻ ታስሮ በጋሪው ላይ መጣ። ላዩ ላይ በልጅቱ እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ ቁም ሣጥኑ ለመድኃኒት ስለተፈለገ የተላከ ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። እናትየዋ ፋሻውን ፈትታ ጠቀለለችው፤ ወረቀቱን ከመጠየቂያ ቅጾቹ ጋር ወደ መጣያው ጣለችው። ቤት ገብተውም ስለዚህ አልተነጋገሩም፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ የሚነጋገሩት ስለ ውኃና ስለ ቁልፍ ብቻ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የሥራ አመራር ኮሚቴው ተሰበሰበ። በሳምንቱ በአንሶላ ሰበብ የተስተጓጎለ ቀዶ ሕክምና እንዳልነበረ ሲስተሯ ሳትወድ አረጋገጠች። የዋርድ ኃላፊዎቹም መደርደሪያቸው መሙላቱን አመኑ። ዳይሬክተሩ ደስ አለው፤ ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ፍሬ አፈራ አለ። የእጥበት ክፍሉ በሆስፒታሉ ሥር ይቀጥላል፤ ሠራተኞቹም ይቀጥላሉ ብሎ አስመዘገበ። ከዚያ ብዕሩን አነሣ። ይህን ያህል አንሶላ የደበቁት እነማን እንደሆኑ ስም ዝርዝር ይቅረብልኝ፣ አለበለዚያ ውሳኔውን መልሰን እናየዋለን አለ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። ደብተሯ ፊቷ ነበር። የትኛው ቁጥር በየትኛው ቀን ከየትኛው ዋርድ እንደመጣ ተጽፎበታል፤ የልጇም ሰባ አለበት።

ስም ከተጠራ ነገ ጠዋት የሚሆነውን በዚያ ክፍል ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የተቀጣችው ነርስ ትማራለች፤ የምትማረውም የደበቁትን መመለስ እንደሚያስቀጣ ነው። በሳምንት ውስጥ የወጣው አንሶላ ሁሉ ተመልሶ ይሰወራል።

«ስም ከሰጠሁዎት አንሶላው ይጠፋል» አለችው።

«ስለዚህ ጥፋተኛ የለም ሊሉኝ ነው፣ ወይዘሮ?»

«አለ። አንድ ስም አለኝ። ስልሳ አራት አንሶላ አራት ዓመት በማሽን ሆድ ውስጥ ደብቄ፣ ሰው ከኦፕራሲዮን ደጅ ሲመለስ አላወጣሁም። ይጻፉት።»

ዳይሬክተሩ ጻፈው። ሌላም ስም ይጠብቅ ስለነበር ብዕሩን እንደያዘ ቆየ፤ ሴትዮዋ ግን ደብተሯን ከድና ክንዷን አሳረፈችበት። ሲስተሯ በዚያ ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። መቶ አሥሩን ታውቃለች፤ ሴትዮዋም እንደምታውቅ ታውቃለች። ሰዓቷን እያየች ቀዶ ሕክምና አለኝ ብላ ተነሣች። ሌሎቹም ቃለ ጉባኤውን ለመፍረም ቸኮሉ።

ደብዳቤው ዓርብ ደረሰ። የሆስፒታሉን ንብረት በመሰወርና ሥርዓት በማጉደል ከኃላፊነቷ ተነሥታ በአጣቢነት ትመደባለች፤ በእሷ ቦታ ካውያ ተኳሿ ተተክታለች። ልጅቱ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አግኝታ ቆማ አነበበችው። ስሜን ለምን አልሰጠሻቸውም ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ የምስጋና አልነበረም፤ ይልቁንም የክስ ያህል ነበር። እናትየዋ የአንቺን ብሰጥ የሁሉንም መስጠቴ ነበር አለችና እራት ወደ ማቅረቡ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ከሌሎቹ አጣቢዎች ጋር ተሰልፋ ቆመች። አዲሷ ኃላፊ የዕለቱን ሥራ ማከፋፈል ነበረባት፤ ሰባቱን ከመደበች በኋላ እትዬ ጋ ስትደርስ ወለሉን አየች። እርስዎ እንግዲህ ደስ ያለዎትን ብላ ጀመረች።

«እዘዢኝ እንጂ» አለቻት ሴትዮዋ። «አራት ጋሪ ወጥቶ መሙላት አለበት፤ ቆመሽ አታፍሪ።»

ተኳሿ ደም የነካውን እንድትነክር አዘዘቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች፤ እጅጌዋን ጠቅልላ ወደ ቀዝቃዛው ገንዳ ሄደች።